ወንፊት

ሦስት ፓርቲ ነበርን በአንዲት ጠባብ ቤት፣
በሉማሜ ገበያ፣ ከጨው መደብሩ ፊት።
የመምህራን ጎራ፣ የገበሬ ማኅበር፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኞች፤
ሦስት ማኅተም፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበሮች።
ቆመን ተዋሐድን።
«የጮቄ ዙሪያ ግራ ዘመም ጥምረት» ብለን ስም አወጣን፤
«ስሙ ከአባሉ ይረዝማል» አለና ጸሐፊው አሳቀን።

ምልክት ስንመርጥ ሦስት ሌሊት አለቀ።
መምህር ስማቸው «ማጭድ» ቢል፣ አንማው ወንበሩን ገፍቶ ራቀ፦
«ማጭድማ አየነው ባንዲራ ላይ ተስሎ፣
እህሌን በኮታ ሰፍሮ፣ ወንድሜን ለጦር አስከትሎ።»
እንዬ ከወፍጮው መጣች፣ ቅንድቧን ዱቄት አንጥቶት፤
ከብብቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች ወንፊት።
«ዱቄቱን ያሳልፋል፣ እንክርዳዱን ያስቀራል» አለች።
አጨበጨብን።
ወንፊት ምን እንደማይዝ ያን ሌሊት ማን አሰበ?

አንማው በየቀበሌው ዞረ፣ ቃላችንን ወደ አፈር መለሰው፦
«ግራ ማለት ግራ በሬ ነው!
ቀኙ ብቻውን ቢጠመድ ምን ትልም ያወጣል?
ዞሮ ዞሮ እዚያው ይረግጣል።»
ገበሬው ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ አመነ።

በዚያ ምርጫ ጉድ ታየ።
ከአባይ በረሃ አፋፍ በጭቃ የመጣው ሰልፍ
የትምህርት ቤቱን አጥር ዞሮ፣ የመቃብሩን ግንብ እስኪያልፍ።
ኮሮጆው ሲገለበጥ ወንፊት፣ ወንፊት፣ ወንፊት፤
ፋኖሱ ጋዝ ጨርሶ በባትሪ ቆጠርን ሌሊት።
አራት ወንበር!
መምህር ስማቸው ጥቁር ሰሌዳው ላይ «4» ብሎ ጻፈ፤
ዘበኛው ሳምንቱን ሙሉ ሳያጠፋው አለፈ።

አራት ወንበር ይዘን ሦስት ቦታ ተከፈልን፦
«እንግባ»፣ «አንግባ»፣ «ገብተን እንውጣ» ተባባልን።
የመሬቱ ጥያቄ ቀርቶ የማኅተም ጥያቄ መጣ፤
ጸሐፊው ሦስቱንም በኪሱ ከትቶ በሌሊት አውቶቡስ ወጣ።
ግራ ነን ብለን ተነሥተን፣
ግራ ገባን።

በሚቀጥለው አንድ ወንበር፤
ከዚያ ወዲያ የምንቆጥረው ወንበር ሳይሆን ሰው ነበር።
ማዳበሪያ የሚያድለው ሰውዬ ስም መዝጋቢም ሆነ፤
የተሰለፈው ሁሉ ዐይኑን ከኛ ሸፈነ።
መምህር ስማቸው ሞተ።
ለቀብሩ የተተከለው የእድር ድንኳን
ከመጨረሻው ስብሰባችን ይበልጥ ነበር፣ አልዋሽም፣ ሞልቶ ሰፍቶ አየን።

ባለፈው ሰኔ ሦስት ቀረን፤
አንማው፣ እንዬ፣ እኔ።
ታዛቢ ነኝ፣ ደረቴ ላይ ካርድ፣
ጣሪያው ላይ ዝናብ፣ ከእግሬ ሥር ብርድ።
ማታ ኮሮጆው ተገለበጠ።
የሌላው ክምር ከፍ አለ፤
በመጨረሻ በጠረጴዛው ጥግ
ሦስት ወንፊት።

«ሦስታችንም አለን!» አለ አንማው፣ ዕንባው ጢሙ ላይ ወርዶ፤
«አንዳችንም አልከዳን፣ ይኸው፣ ማን አለ ቃሉን ክዶ!»
እንዬ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣
አስመራጩን አየችና ዋጠችው።
እኔ ፈረምኩ። እጄ ግን ቀለሙን አበላሸው።

ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ፣ እስክሪብቶው በእጄ፣
ወንፊቱን ረጅም ጊዜ አየሁት።
የመሬት ደብተሬ፣ የልጄ ቅጥር፣
ያልተከፈለ የማዳበሪያ ብድር…
ሌላው ላይ አመለከትኩ።
አጥፌ ከተትኩ።

ታዲያ ሦስተኛው ማነው?

ቅዳሜ ገበያ እየዞርኩ ፊት አያለሁ።
ጨው ነጋዴው ሰላምታውን አጠበቀብኝ ልበል?
የሊቀመንበሩ ሾፌር ለምን ጡሩምባ ነፋልኝ?
ወፍጮ ቤት ጤፌን ይዤ ወረፋ እቆማለሁ፤
እንዬ ዱቄት ትነፋለች፣ ቀና ብላ አታየኝም፤ ለእኔ ደግሞ ያየችኝ ይመስለኛል።

ድምፁን ሳልሰማ ድምፁን የሰጠኝን ሰው
ባገኘው «ደርሶናል» እለው ነበር።
ግን እሱም ይጠይቀኛል፦
«ያንተስ?»